ለሁለት ዓመት ወደ ጨረቃ

ሳያት የሚባለውን የኩባንያ ሰው ገና ደጄን ሲረግጥ ነው የጠረጠርኩት። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «እናታለም» አለኝ። አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ! እኔ ካምካ በዚህ የሮኬት ማስወንጨፊያ ሜዳ ምግብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሾርባ ስጨልፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ስንቱን ምላሰኛ አብልቼ ሸኝቻለሁ መሰላችሁ።

«ሁለት ዓመት ብቻ ናት» አለ ሻዩን ፉት እያለ። «ልጅዎ ኩንሱሉ ጨረቃ ላይ የበረዶ ማቅለጫውን ቱቦ ትበይዳለች። ኩባንያው ውሃውን እዚያ ለሚያርፉት የጠፈር መርከቦች ይሸጣል። ከዚያ ወደ ቤቷ። እኔም አለቃዋ ሆኜ አብሬያት ነው የምሄደው።»

«የጎረቤታችን የቱርሲን ልጅም ሁለት ዓመት ተብሎ ነበር የሄደው። ይኸው አምስት ዓመቱ፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚመጣው።»

«ወድዶት ነው የቀረው፣ እናታለም።»

«ኧረ ወዲያ! አየር እየተሰፈረለት ነው የወደደው?»

ልጄ ሳቀች። «እማ፣ አታሳፍሪኝ። ለጋብቻ ሊጠይቀኝ የመጣ አስመሰልሽው እኮ!»

«ለዚያ ቢሆንማ በግ አርድለት ነበር!»

ወር ሙሉ ነገሩን ስከታተል ከረምኩ። የኩባንያው ሐኪሞች አጥንቷን ሦስት ጊዜ በራጅ አነሱት። ለምን ስል «ደንብ ነው» ተባልኩ። አዲሱን ካፖርቷን አንስታ ለአክስቷ ልጅ ሰጠች። «ስትመለሺ ምን ልትለብሺ ነው?» ብላት «ያኔ ሌላ እገዛለሁ» ብላ ሄደች። ይሄ ሰውዬ ልጄን አዙሮብኛል፣ የማታውቀውን ወረቀት አስፈርሟታል አልኩ። ያለችኝ እኮ እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ ለመሸኛዋ ቀን ሁለት ዳቦ ጋገርኩ። በእኛ በካዛኮች ዘንድ መንገደኛ ሲነሳ ዳቦ ነክሶ ይሄዳል። የተረፈው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱ ተመልሶ እስኪጨርሰው ድረስ ማንም አይነካውም። አባቴ ከውትድርና ሲመለስ ዳቦው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው፤ ሻይ ውስጥ እየነከረ ጨረሰው።

የመጀመሪያውን ዳቦ ለሳያት አቀበልኩት። «እናትህ እንደሞተች ነግረኸኛል። ያንተንም እኔው እሰቅልልሃለሁ። ንከስ።»

ወደ አፉ አስጠጋውና ቆመ። «ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ብላ ማን አለህ? ንከስ ነው ያልኩህ! ትመለሳለህ አይደል?»

ፊቱ ቀላ። ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «በዳቦ አልዋሽም፣ እናታለም። እዚያ ሁለት ዓመት የኖረ አጥንት የምድርን ክብደት አይችልም። የሚመለስ የለም።»

ዘልዬ ተነሳሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ! «አላልኩም? ሰማሽ ልጄ? በአንደበቱ ተናገረ! ሻንጣሽን ፍቺ!»

ኩንሱሉ አልተነሳችም። አልደነገጠችም። ሳያትን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«አውቃለሁ፣ እማ። ሐኪሞቹ የመጀመሪያ ቀን ነግረውኛል። ሁለት ዓመት በላት ብዬ እሱን የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ አጥር ስር ቆሜ የሌላ ሰው ሮኬት ሲነሳ ሳይ ነው የኖርኩት። መሄድ እፈልጋለሁ። ስታለቅሺ እያየሁ ግን መሄድ አልችልም ነበር።»

ቁጭ አልኩ። ወር ሙሉ የሰው ልጅ ስጠረጥር፣ ስሰድብ፣ የዋሸችኝ የገዛ ልጄ ኖራለች። ንዴቴ የት እንደሚገባ ጠፋኝ። ሳያት ቀና ብሎ አላየኝም።

ሁለተኛውን ዳቦ አንስቼ ፊቷ አኖርኩት። «ንከሺው» አልኳት። «ሐኪም ይሳሳታል። መድኃኒት ይገኝ ይሆናል። ትንሽ ብቻ ንከሺና ልስቀልልሽ። እለምንሻለሁ።»

እንባዋ ዳቦው ላይ ወረደ። እጇን ግን አልዘረጋችም። በዳቦ እንዳትዋሽ አድርጌ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።