ጫፍ ያልተረፈለት ሐረግ

ደርበው በልጅነቱ የሰማት ወሬ ግማሿ ጠፍታበታለች። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። እሱ ቁርበቱ ላይ ተጋድሟል፤ እናቱ ለጎረቤታቸው ለገለቴ በሩ ላይ ታንሾካሹካለች።

«ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ገደሉን ይዞ የወጣው ሐረግ ነው። ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው። ጫፉን ግን ተዪለት፤ ጫፉ ከተረፈ ይመለሳል።»

«ለሰውስ ላሳይ?» አለች ገለቴ።

እናቱ የመለሰችውን እንቅልፍ ወሰደበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ የሰሜኑ ጦርነት መንገዱን ዘግቶ እህል ከገበያ ሲጠፋ፣ ደርበው ያቺን መልስ ብዙ ፈለጋት፤ አላገኛትም። የክርስትና ልጁ ሰብሌ በረሃብ ስትዝል ሲያይ ግን አባቷን ሰውአገኝን ይዞ ገደሉን ወረደ። ቅጠሉን ለቅመው ጫፍ ጫፉን ተዉ። ሰውአገኝ ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን ዞሮ አማተበ። «እንደተውነው ይኖራል፣ አበልጄ» አለ። ልጅቷ ዳነች፤ ሐረጉም በክረምቱ ለመለመ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ደርበው ሊያየው ቢወርድ ገደሉ ራቁቱን ቀርቷል። ግንዱ ከሥሩ በመጋዝ ተቆርጧል። ጉቶውን ዳሰሰው፤ እርጥብ ነው። የእናቱ መልስ «አታሳዪ» በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ወዲያው ሰብሌ ትዝ አለችውና አፈረ።

ላሊበላ ወጥቶ ሰውአገኝን አዲሱ ሆቴል በር ላይ፣ የአስጎብኚነት ባጁን አንጠልጥሎ አገኘው።

«አበልጄ፣ ምነው በደህናህ?»

«ገደሉ ላይ ነበርኩ።»

ሰውአገኝ ባጁን ያገላብጥ ጀመር። «እንግዶቹ ቅጠሉን ለጾም ምግብ ወደዱት። አንድ ኬሻ ቅጠል ብቻ ነበር ያልኳቸው። የሆቴሉ ሠራተኞች ናቸው፣ መንጠላጠሉ ሲሰለቻቸው…»

«መንገዱን ማን አሳያቸው?»

ሰውአገኝ ፊቱን ወደ ሆቴሉ በር አዞረ።

«ሰብሌ ደህና ናት?» አለ ደርበው።

«ደህና ናት።» የሰውአገኝ ድምፅ ወረደ። «ካሳ ከሆነ…»

«ካሳ አልጠየቅሁህም። ጉቶው ገና አልደረቀም፤ ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጥ ይሆናል። ከወንዙ በጀሪካን እየቀዳህ ትወጣለህ።»

«በዚህ ጉልበቴ? እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን?»

«ያኔ በባዶ ሆድህ ወጥተኸዋል።»

ሰውአገኝ መሬት መሬት አየ። «አብረን እንውጣ እንግዲያ።»

«አይ። ከአንተ ጋር ያን ገደል ሁለተኛ አልወርድም።»

ሰውአገኝ ባጁን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተና፣ ክረምቱ እስኪገባ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ጀሪካን ሊያወጣ እሺ አለ።