የረግረጉ አፈርና የጋራዡ እጣቢ

በ1976 ዓ.ም. በሐይቅ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ራህማ እባላለሁ፤ የአሣ አጥማጁ የእንድሪስ ልጅ ነኝ፤ ይህንንም ደረቴን ነፍቼ ነው የምናገረው።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ታረቀኝ የሐይቁን ዳር ረግረግ አስቆፍሮ፣ ደንገል እየበሰበሰ የተከማቸበትን ጥቁር አፈር ለጎመን ማሳ ሊበትነው ቆርጦ ተነሣ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከላይ ያለው ጋራዥ የመኪና ባትሪ ያጠበበት ውሃ እርሳስ እንደያዘ ወደዚያ ረግረግ ይፈሳል። ረግረጉ ከጠፋ እርሳሱ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ የአባቴም እንጀራ አበቃ።

ሽማግሌዎቻችን ታረቀኝ ባይወድም ዱዓ ሳያደርጉ ስብሰባ አይጀምሩም። ስለ ረግረጉ በተጠራው ስብሰባም ዱዓው እንዳለቀ ተነሣሁ። እርሳስ በውሃ ውስጥ ስለማይታይ፣ በእሱ ፈንታ መዳብ የተሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ከትምህርት ቤት አምጥቼ ነበር። የእኛ አጥማጆች ግን አሣ ካልመሰከረ አያምኑም። አባቴ ሁለት ሕያው ቆሮሶ አሣ በባልዲ ይዞ መጣ።

አንዱን ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ጨመርነው፤ ብዙም ሳይቆይ በጎኑ ተንሳፈፈ። ያንኑ ውሃ በረግረጉ አፈር ውስጥ አሳለፍኩት፤ ጠርቶ ወረደ። ሁለተኛው ቆሮሶ ጠሪው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጭራውን እያወናጨፈ ዋኘ።

«ማሻ አላህ!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«የበሰበሰው ደንገል መዳቡንም እርሳሱንም ጨብጦ ያስቀረዋል» አልኩ።

ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ታረቀኝ ነበር። «እንዲህ ያለ ጉደኛ አፈር እያለን ጎመናችን ይቀጭጫል? ነገውኑ ይቆፈር!»

ደሜ ፈላ። ማስረጃዬን በእኔው ላይ አዞረብኝ!

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መርዙ እኮ የትም አልሄደም፤ አፈሩ ውስጥ ነው!» ብዬ በዚያው አፈር ላይ ይዤው ከመጣሁት የባትሪ አሲድ ትንሽ አፈሰስኩ። ከሥሩ እንደገና ሰማያዊ ውሃ ተንጠባጠበ። «የጎመን ሥርም እንደዚሁ በጥቂት በጥቂቱ አስለቅቆ ወደ ቅጠሉ ይስበዋል። ጋራዡም አሲዱን በአመድ ሳያበርድ እንዳይደፋ፤ አለዚያ ረግረጉ የያዘውን እርሳስ ያስለቅቀዋል!»

ሊቀ መንበር መቃወም በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። በስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቀው አባቴ ተነሣ።

«ወላሂ፣ የመጀመሪያውን ጎመን ሊቀ መንበሩ ከበላልን አካፋውን እኔው አቀርባለሁ!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ታረቀኝ ሰማያዊውን ጠብታ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ረግረጉ እንዳይነካ፣ ጋራዡም አሲዱን በአመድ እንዲያበርድ ተወሰነ።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ከፊቴ ከፊቴ እያለ፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም «ልጄ ናት!» ይል ነበር። እኔም አልተሽኮረመምኩም፤ ቀና ብዬ ተከተልኩት።