ሳይጠራ የምታነሳ ሳጥን

«ስልክ የለውም ካልክ የኔን ይውሰዳ» አለች ዘይቱና። ሞባይሏን ከሻሿ እጥፋት አውጥታ የሚዛኑ መሣሪያ ላይ አስቀመጠችው። «ካርድ አለው። ይደውልና ይገላግለኝ።»

«ሚዛኑ በሱ አይደውልም» አላት ቴክኒሻኑ ዮናስ። «የዚህ አደዋወል ሌላ ነው።»

«አሳየዋ። እኔስ ስገዛው መቼ አውቅበት ነበር?»

የገበሬዎቹ ማኅበር የመኪና ሚዛን ከጎሚስታ ቤቴ ጎን ስለሆነ ይህን ሁሉ የሰማሁት ጎማ እየለጠፍኩ ነው። ዘይቱና ሽንኩርቷን በአይሱዙ ጭና ሚዛኑ ላይ ካቆመች ሁለተኛ ቀኗ። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በጆንያ ሽንኩርት ላይ ምን እንደሚሠራ አልነግራችሁም፤ ሽታው እስከ ካራቆሬ መንገድ ድረስ ይነግራችኋል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነሳ የበጋ ልፋቷ ጉድጓድ መግባቱ ነው።

ሚዛኑ ክብደቱን ያውቃል፤ በቀይ ጽፎ ያሳያል። ያለ ወረቀት ግን መኪና አይወጣም፤ ወረቀቱን ደግሞ የሚያትመው መጀመሪያ በስልክ መስመር ደውሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ከነገረ በኋላ ነው። ሲሠራ እንደዚያ ተደርጎ ነው የተሠራው። የስልኩ ሽቦ ከምሰሶው ከወረደ ቆይቷል። ለዚህ ነው ዮናስ ትናንት ከአዲስ አበባ የሲጋራ ፓኬት የምታህል ሳጥን ይዞ የመጣው። ባንድ ጎኗ የሚዛኑን ገመድ፣ በሌላ ጎኗ የኢንተርኔቱን ገመድ ሰካባት።

«ይቺ ሚዛኑን ‹ሞደም ነኝ፣ የስልክ መስመር ማገናኛህ› ትለዋለች» ብሎ አስረዳን። «እሱ የለመደውን ቁጥር ይደውላል። እሷ ‹ተገናኝተሃል› ትለዋለች። ከዚያ የነገራትን በኢንተርኔት ታደርሳለች።»

«ትዋሸዋለች በለና።»

«እ... አዎ።»

«አንድ ሚዛን ለመዋሸት ሁለት ቀን ፈጀብህ፣ ወላሂ።»

እውነቷን ነው። ሚዛኑ ይደውላል፣ ሳጥኗ ታነሳለች፣ ሚዛኑ ይዘጋል። ዮናስ ገመድ ቀየረ፤ ሳጥኗንም አጥፍቶ አበራት። እኔም እንደ ጎረቤት ሚዛኑን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግኩለት። ጎማ ላይ ይሠራል።

በዚህ መሀል እትዬ ደብሪቱ ዣንጥላ ይዘው ከማዶ ተሻገሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልክ ቤት ማዞሪያ ላይ ተቀምጠው ቀወት ወረዳችንን ከአገር ሲያገናኙ የኖሩ እሳቸው ናቸው።

«እስቲ ሲደውል አሳየኝ» አሉት። ዮናስ በላፕቶፑ አሳያቸው።

«ስንቴ ጠራ?»

«አይጠራም እትዬ። ወዲያው ነው የምታነሳው» አለ ዮናስ፣ ትንሽ ኮራ ብሎ።

«ሳይጠራ?» ዣንጥላቸውን አጠፉት። «ልጄ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይጠራ አንስቶልኝ አያውቅም። ሳይጠራ ያነሳ ሌላ ሰው ነው። እኔም ብሆን እዘጋበታለሁ።»

እኔ ልስቅ ነበር። ዮናስ ግን ላፕቶፑ ላይ አፈጠጠ።

«እንዴ» አለ ለራሱ። «ሚዛኑ ደውሎ ጆሮውን እስኪያቀና መልሱ ያልፈዋል ማለት ነዋ።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ስንቴ ላስጠራው?»

«አራቴ። በሦስተኛው የሚያነሳው ዘበኛው ነው።»

አራት አደረገው። ሚዛኑ ደወለ። ምንም ድምፅ የለም፤ እትዬ ደብሪቱ ግን በጣታቸው ይቆጥራሉ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዘይቱና «ቢስሚላህ» አለች። ከአራተኛው በኋላ ሚዛኑ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወረቀቱን ተፋው።

ዘይቱና ወረቀቱን ነጥቃ ጋቢና ወጣች። ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። እሷ ግን በሩን ሳትዘጋ ቆየች።

«ዮናስ፣ ያነሳችው ይቺው ሳጥን ናት አይደል?»

«አዎ።»

«እዚሁ አጠገቡ ተቀምጣ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አራቴ እስኪጠራት ምን ትሠራ ነበር?»

ዮናስ አፉን ከፈተ። እትዬ ደብሪቱ ዣንጥላቸውን እየዘረጉ ቀደሙት።

«ስብሰባ ላይ ነበረቻ።»