ደረጃው በግራ ነው

እና የምርቃቱ እንግዶች አሁንም ያጨበጭባሉ፣ መሐንዲሱ በእጁ እያሳያቸው ነው፣ ይህ ፖስታ ቤት ዳግም የቆመው በእኚህ የታሪክ ጸሐፊ መጽሐፍ ነው ይላል፣ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ባለችው ፎቶ፣ እውነቱን ነው፣ ከሌላ ከየት ያመጣዋል፣ ከእሳቱ የተረፈው ግድግዳ ብቻ፣ እሱም ልስኑ ረግፎ፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እላለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። እጄ የእኔ አይመስለኝም።

አዲስ ቀለም ይሸታል። ደረጃው በግራ።

በግራ የሆነው የፎቶውን ኔጋቲቭ ገልብጬ ስላሳተምኩት ነው፣ የገባኝ ከሦስት ወር በፊት፣ እንጨቱ ተጋዞ ተመትቶ ካለቀ በኋላ፣ ፎቶው ላይ ከደረጃው ሥር የቆመው ዘበኛ አባቴ ነው፣ ባጁ በቀኝ ደረቱ ላይ ነው፣ አባባ ደግሞ አንድም ቀን በቀኝ አድርጎት አያውቅም፣ ልቤ ላይ ነው ቦታው ይል ነበር፣ ያን ዕለት ለመሐንዲሱ ልደውል ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ሻይ አፈላሁ፣ ጠጣሁ፣ በቃ። ማን ያውቅብኛል። ማን ቀረ።

እህቴ ቀርታለች።

ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፣ ክንዴን ልስጥሽ ስላት ተወኝ ባክህ፣ የአባባን ምሳ ስንት ዓመት ያመላለስኩበት ቤት ነው አለችኝ፣ ብቻዋን ገባች፣ ይኸው ሳታመነታ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ እጇን ለመደገፊያው ዘረጋች፣ ግድግዳ። ዳበሰችው። እንደገና ዳበሰችው።

ደረጃው የታል፣ ትለኛለች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው ፊት እኔን ላለማሳፈር።

መሐንዲሱ አጠገባችን ነው፣ ይሰማል፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም፣ አፌ ይከፈታል፣

በግራ ነው እትዬ፣ ድሮም በግራ ነበር፣ ተምታቶብሽ ነው።

መዳፏ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። ማፈር ነበረብኝ፣ አላፈርኩም፣ የማስበው ቀለሙ እጇን እንዳይነካት ነው።

ይሆናል፣ ትላለች፣ እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ፣ እኔማ ሳላውቀው ጃጅቻለሁ።

ክንዷን ይዤ ወደ ግራ እወስዳታለሁ፣ አሁን እምቢ አላለችም፣ የመጀመሪያውን ደረጃ በጫማዋ ጫፍ ትፈልገዋለች፣ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ፣ ቆም ትላለች፣

አሥራ ሰባት ነበር አይደል፣ ወይስ እሱም ተምታቶብኛል።

እሱ ላይ እንኳ ልክ ነሽ፣ እላታለሁ፣ እየቆጠርን እንወጣለን።