ግማሽ ደሞዝ

የፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ ያለምወርቅ ቦርከና ወንዝ ዳር ልብስ ታጥብ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶ ስለከረመ መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም። ሁለተኛ ሲጮህ ግን እርጥቡን ልብስ ለጎረቤቷ ትታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሮጠች።

ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነው። ያለምወርቅ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የግል ብርድ ልብስ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሠራተኛ ነበረች። በሰኔ ትልቁ ሞተር ተቃጠለና ፋብሪካው ቆመ። ምትኩ ከውጭ ታዝዞ በጅቡቲ በኩል እስኪገባ መጋቢት ደረሰ። የሠራተኛ ማኅበሩ ቀደም ብሎ በተፈራረመው ስምምነት መሠረት ቋሚ ሠራተኞች በዚያ ሁሉ ጊዜ ግማሽ ደሞዝ ሲከፈላቸው፣ የኮንትራት ሠራተኞች ግን በባዶ እጃቸው ተሰናበቱ።

በግማሹ ደሞዝ ከተማው ብዙ አወራ። የያለምወርቅ አከራይ አቶ አራጋው በሯ ላይ ቆመው፣ "አንቺ፣ ቁጭ ብሎ የበላ እጅ ሥራ ይረሳል፤ ፋብሪካው ሲከፈት አንዳችሁም አትሄዱም" ይሏት ነበር። ደሞዙ የቤት ኪራዩንና የልጆቿን ቂጣ ይሸፍናል፤ ለቀረው የትራስ ልብስ እየሰፋች ገበያ ታወጣለች። ቁጭ ብሎ ለመኖር የሚያንስ፣ ሥራን ለመጠበቅ ግን የሚበቃ ገንዘብ ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ ስትደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሞተሩ ገባ የሚለውን ወሬ ቀድመው ሰምተው ከሐርቡ ሚኒባስ የተሳፈሩ አሉ። አንዱ ጥምጣሙን ሳይፈታ ከእርሻ መጥቷል። ሰው ይተቃቀፋል፣ ይሳሳቃል። አዲሱ ሞተር ለሙከራ ሲነሳ የግድግዳው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ የያለምወርቅ እንባ ሳታስበው መጣ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ቃለሕይወት ግን ፊታቸው አልፈካም። ያለምወርቅን ወደ ጎን ጠሯት።

"እኔ የፈራሁት እናንተን ነበር" አሏት። "ግማሽ ደሞዝ ያሰንፋቸዋል ብዬ ለፋብሪካው ባለቤትም ተናግሬያለሁ። ይኸው አንድ ቋሚ አልቀረም። የጎደሉት ሌሎቹ ናቸው።"

እውነታቸውን ነበር። እያንዳንዱ ማሽን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዷ ማሽኑን ትነዳለች፣ ሌላዋ ማግ ታቀብላለች፣ የተበጠሰ ድር ትቀጥላለች። ይህን ሁለተኛ ሥራ የሚሠሩት የኮንትራት ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ገሚሶቹ አረብ አገር ሄደዋል፤ አንዷ ጅቡቲ ገብታለች፤ የቀሩትም የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

"ሰኞ ካልጀመርን የተቀበልነው የብርድ ልብስ ትዕዛዝ ይሰረዝብናል" አሉ አቶ ቃለሕይወት። "ከመናኸሪያ አዲስ ሰው ልሰብስብ?"

"አዲስ ሰው እስኪለምድ ክረምት ይገባል፣ ጋሼ። ጣይባን ላምጣት። የሌሎቹን አድራሻ እሷ ታውቃለች።"

"ትመጣለች?"

"ምን ሊሰጧት?"

አቶ ቃለሕይወት የፋብሪካውን ፒካፕ ቁልፍ አውጥተው ለሾፌሩ ለወንድምአገኘሁ ሰጡት።

ጣይባ የያለምወርቅ የማሽን ጓደኛ ነበረች። ፋብሪካው ሲቆም ቤቷን ለቅቃ ደሴ አጎቷ ዘንድ ገብታለች። ፒካፑ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ ሲወጣ ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ወንድምአገኘሁ መብራት አብርቶ፣ በየመታጠፊያው ጡሩምባ እየነፋ ይነዳል። ያለምወርቅ አፏን ሞልታ ፍጠን እንዳትለው ገደሉ ታያት፤ ቀስ በል እንዳትለው ደግሞ ልቧ ከመኪናው ቀድሞ ሄዷል።

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ የጣይባን አጎት አቶ ሱሌማንን ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ማሰሮ እንደያዙ በራቸው ላይ አገኟቸው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ጣይባ አለች?"

"ወአለይኩም ሰላም። ወይ ልጄ፣ አሁን ወጣች እኮ። ደላላው በሚኒባስ ጭኗቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አረብ አገር ልትሻገር ነው። እኔ አልወደድኩትም፤ ግን ምን ይዤ ላስቀራት?"

ያለምወርቅና ወንድምአገኘሁ ተያዩ። የአዲስ አበባ መንገድ ያው የመጡበት ነው። ሚኒባሱ በዚያ ጉም ውስጥ በአጠገባቸው አልፎ ወርዷል ማለት ነው።

"ድረሱባት! አላህ ያድርሳችሁ" አሉ አቶ ሱሌማን።

ፒካፑ ዞረ። ወንድምአገኘሁ አሁን የሚነዳው ጥርሱን ነክሶ ነው። ሐረጎን ትንሽ እንደወረዱ መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንድ ተሳቢ መታጠፊያው ላይ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶታል። ያለምወርቅ ፒካፑ በደንብ ሳይቆም ዘላ ወረደች። ጉሙ ከጥቂት እርምጃ በላይ አያሳይም። በሰልፉ ጎን ቁልቁል እየሮጠች፣ በየመስኮቱ አንገቷን እያስገባች፣ "ጣይባ! ጣይባ የምትባል አለች?" ትላለች። አንዱ ሾፌር ሳቀባት። አንዲት አሮጊት ልጇ የጠፋባት መስሏቸው "አይዞሽ" አሏት።

ከፊት ካሉት ሚኒባሶች በአንዱ የኋላ ወንበር ላይ አንድ ጥቁር ሻሽ ቀና አለ።

"እታለም? አንቺ ነሽ?"

ጣይባ ሻንጣዋን እንዳቀፈች ወረደች። ያለምወርቅ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች።

"ፋብሪካው ተከፈተ። ሞተሩ ሲነሳ በጆሮዬ ሰማሁ። ሰኞ እንጀምራለን።"

የጣይባ ፊት ለአፍታ በራ፤ ወዲያው ግን ጠቆረ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ለእናንተ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ምን ልሁን ብዬ ልመለስ? ስሠራ ደሞዜ ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ ሲዘጋ ደግሞ ወደ ሜዳ። እናንተ ግማሽ ስትቀበሉ እኔ የአጎቴን ፊት ሳይ ከረምኩ።"

"አውቃለሁ።"

"ሥራ የጠላሁ እንዳይመስልሽ። ወላሂ፣ የማሽኑ ድምፅ በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። ግን ሠርቶ መራብና ቁጭ ብሎ መራብ ምን ለያቸው?"

ያለምወርቅ ልታባብላት አልሞከረችም። "የማላውቀውን ቃል አልገባልሽም" አለቻት። "ግን ዛሬ ሰውዬው ይፈልጉሻል። የምትይውን ሁሉ ፊታቸው ቆመሽ በያቸው። እምቢ ካሉ ነገም ወደ አዲስ አበባ መኪና አለ። ፓስፖርትሽ የት ነው?"

ጣይባ ደረቷን ነካች። "እዚሁ ነው።"

ታች ተሳቢው አጓርቶ ተላቀቀ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ደላላው ከፊት ወንበር ሆኖ "ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" ብሎ ጮኸ። ጣይባ መኪናውን አየች፣ ያለምወርቅን አየች። ከዚያ እጇን አወዛውዛ ደላላውን አሰናበተችው። ሚኒባሱ በጉሙ ውስጥ ሲሰወር ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ሁለቱም አያስታውሱትም። ጣይባ ጋቢና ገብታ መንገድ ትመራለች። አንዷን ከኮምቦልቻ ገበያ ቲማቲም ስትሸጥ አነሷት። ሐርቡ ላይ ሁለቱን ከሠርግ ቤት ድንኳን አወጧቸው፤ እጃቸው ላይ ያለው ሂና አልደረቀም። ደጋን ያገኟት ሀሊማ ልጇን ለእናቷ አስታቅፋ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ ፒካፑ ላይ ተንጠለጠለች። ሲመለሱ የጭነቱ ቦታ በሴት ሞልቶ ነበር፤ ነፋሱ ሻሻቸውን እያንገላታው ይዘፍናሉ።

አቶ ቃለሕይወት ከቢሯቸው ወጥተው ተቀበሏቸው። ሴቶቹ አልገቡም፤ ግቢው ውስጥ ቆሙ። ጣይባ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

"ጋሼ፣ እንሠራለን። ለሥራ ነው የመጣነው። ግን ደሞዛችን እንደ ቋሚዎቹ ይሁን። ፋብሪካው ዳግም ቢቆምም እንደነሱ ግማሹን እናግኝ።"

"ደሞዙ ይገባኛል። ግን ሳትሠሩ ልክፈላችሁ?"

"ያለምወርቅ ሳትሠራ ተከፍሏታል። ሳይረኑ ሲጮህ የት ተገኘች? እኔስ የት ተገኘሁ?"

አቶ ቃለሕይወት ወደ ቢሮ ገብተው አዲስ አበባ ላለው ባለቤት ስልክ ደወሉ። በመስኮቱ ሲቆሙ፣ ሲቀመጡ፣ እንደገና ሲቆሙ ይታያሉ። ቋሚዎቹም ወደ ቤት አልሄዱም፤ አጥሩን ተደግፈው አብረው ይጠብቃሉ። ያለምወርቅ የጣይባን እጅ ይዛ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሲወጡ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

"ደሞዙን እኩል አድርጓል" አሉ። "ግማሽ ክፍያውን ግን ዓመት ለሞላት ብቻ ነው የፈቀደው። ከዚያ በላይ አልሄደልኝም፤ ለምኛለሁ።"

ሴቶቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ። ሀሊማ ዓመት አልሞላትም ነበርና ሁሉም ወደሷ አዩ። እሷም ጫማዋን መሬት ጥላ አጠለቀችና፣ "እኔን አትዩኝ፤ ዓመቱን እዚሁ እሞላዋለሁ" አለች።

የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም። አረብ አገር የገቡት እዚያው ቀሩ፤ ጥቂት ማሽኖችም ሰው እስኪለምድላቸው ሸራ ለብሰው ከረሙ። የቀሩት ማሽኖች ግን ሰኞ ጠዋት ተነሱ። ጣይባ ማጉን አቀብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ያለምወርቅ እጀታውን ሳበች። ድሩ ተወጠረ፤ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ጣይባ በጫጫታው መሀል የሆነ ነገር ጮኻ ተናገረች፤ ያለምወርቅ አልሰማቻትም፤ ጮኻ "እሺ!" አለቻት።