ያልነኳት ደሴት

ተመራማሪዋ ጆንያው ላይ ጉብ ብላለች። የጀልባው ሞተር ተነስቷል፤ መረቡ፣ ሚዛኑና ድንኳኑ ተጭኖ አልቋል። የቀረው ይኸው ጆንያ ብቻ ነው፤ ውስጡ የሚያጠኗቸው ወፎች ሲመዘኑ የሚያዙባቸው የጨርቅ ከረጢቶች ታጭቀዋል።

«ተነሺ እንጂ፣ ማዕበሉ ሳይቀድመን» አሏት አለቃዋ።

«አልነሳም፣ ጋሼ።»

ጀልባ ነጂው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ባሕሩ ዞረ። እሷ ግን ቀልድ አላማራትም። ጠዋት የላቦራቶሪው ውጤት ደርሷታል።

ለዓመታት የሚከታተሉት የወፍ ፈንጣጣ ቫይረስ ከሦስቱ ደሴቶች በአንደኛዋ ላይ ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል። ራሱን እየቀዳ ሲባዛ ይሳሳታል፣ ስህተቱንም ለልጆቹ ያወርሳል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱን ዝርያ አፍርቷል። አምና በሁለተኛዋ ደሴት ወፎች ዓይንና መንቁር ላይ ቁስሉ ድንገት ሲወጣ፣ አለቃዋ «ቫይረሱ ባሕር ተሻገረ!» ብለው ጽሑፍ አወጡ፣ በየጉባኤውም ደረታቸውን ነፍተው አወሩ። ማን እንዳሻገረው የጠየቃቸው የለም። እነዚህ ወፎች እንደሆኑ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ መዝለል የሚበቃቸው ሰነፎች ናቸው፤ ባሕር አቋርጠው አያውቁም። ዛሬ መልሱ መጣ። የሁለተኛዋ ደሴት ቫይረስ በአንደኛዋ ደሴት ከገደል ሥር ባለው ሸለቆ ከሚገኘው ዝርያ ጋር ፍጹም አንድ ነው። በዚያ ሸለቆ ደግሞ መጨረሻ የሠሩት እሷና አለቃዋ ራሳቸው ናቸው፤ በማግስቱ ነው ከነከረጢታቸው ወደ ሁለተኛዋ የተሻገሩት።

ይህንኑ ሳታድበሰብስ ለአለቃዋ ነገረቻቸው።

«ትንኝ ነው» አሉ። «ነፋስ የገፋው ትንኝ።»

«ትንኝ ቢሆን በሽታው በደሴቷ ሁሉ በተበተነ ነበር። የታመሙት መረባችንን በዘረጋንበት ዙሪያ ያሉት ናቸው። የቁስሉ ቅርፊት ጨርቅ ላይ ደርቆ እንኳ ቫይረሱ አይሞትም። እኛ ከረጢቶቹን አራግፈን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው፣ በቃ።»

«ፀሐይ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እሺ ብዬ ያሰጣሁትም እኔ ነኝ።»

አለቃ ሆኖ ተሳሳትኩ ማለት ዳገት ነው፤ ታውቃለች። ወፍ ሳትጎዳ በሁለት ጣት መያዝን ያስተማሯት እኚሁ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ አዘነችላቸው። ግን አልፈራችም፤ አለመፍራቷ ራሷንም ገረማት። አሁን የሚሄዱባት ሦስተኛዋ ደሴት ንጹሕ ነች። ከእሷ በቀር በየትም የማይገኝ፣ በጥቂት ዛፎች ላይ የተረፈ ወፍ አለባት። ቁስሉ እዚያ ከገባ በቃ፣ አለቀ። የተቀየመ ሰው ይታረቃል፤ ያ ወፍ ግን ምትክ የለውም።

«ይህ የመፈልፈያ ወቅት ካለፈን የጥናት ፈቃዳችን ያበቃል እኮ!»  አሉ አለቃዋ። «»

«ይለፈና! የሁለተኛዋስ የፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም። ይቺን ግን ገና አልነካናትም» አለች፣ አፏን ሞልታ።

«ኧረ ነዳጄ!» አለ ጀልባ ነጂው። «ወይ ተሳፈሩ፣ ወይ ልገላገል።»

አለቃዋ ጆንያውን አዩት፣ እሷን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጀልባ ነጂው አነሱና «አጥፋው» አሉት። ሞተሩ ዝም ሲል ከእሷ አጠገብ ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ዛሬ አርጅተው ታዩዋት።

«በሁለተኛዋ ስንት ሞቱብን?»

«የመለያ ቀለበት እግራቸው ላይ ካሰርንላቸው ግማሽ ያህሉ።»

አንገታቸውን ደፉ። ልታጽናናቸው ፈለገች፣ ግን ውሸት አልመጣላትም።

«ይህን ጽፈን ማውጣት አለብን፣ ጋሼ» አለች። «ሌሎችም እንደኛ ከረጢታቸውን ፀሐይ ላይ ብቻ እያሰጡ ይሆናል። እኔ እጽፈዋለሁ፤ የእርስዎን ስም ልተወው እችላለሁ።»

ቀና ብለው እንደተሰደበ ሰው አዩዋት።

«ባሕር ተሻገረ ብዬ ስፎክር፣ ጽሑፉ ላይ ስሜ የት ነበር?»

«ከሁሉም ፊት።»

«እንግዲያው» አሉ፣ «እዚያው ይሁን።»