ሃያ ሰባት ዲግሪ

በፋብሪካችን አባቴን «ቴርሞሜትር» ነው የሚሉት። ሃያ ስድስት ዓመት አየር መጭመቂያው ኮምፕረሰር ላይ ሠርቷል። ማሽኑ አየሩን በአንደኛው ሲሊንደር ጨምቆ፣ በውሃ ማቀዝቀዣ አብርዶ፣ በሁለተኛው ዳግም ይጨምቀዋል። አባቴ ጠዋት ጠዋት አየሩን ከማቀዝቀዣው ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር የሚያስገባውን ቧንቧ በመዳፉ ይይዛል። እጁን ሳያነሳ እስከ አስር ከቆጠረ ማቀዝቀዣው ደህና ነው ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት እንኳ ሳይቆጥር መዳፉ ተላጠ። ለካ ዋና መሐንዲሱ የማቀዝቀዣውን ውሃ ለእንግዳ ማረፊያው ሣር ማጠጫ አዙረውታል። በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ይዞ ቢነግራቸው፣ ለውጥ የለውም፣ አየሩ በቧንቧው ሲሄድ በራሱ ይበርዳል ብለው መለሱት። በማግስቱ የሁለተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ተቃጠለ። ዘይት ሳያጠጣው ቀርቶ ነው ተባለ። ጡረታው ስምንት ወር ሲቀረው የፋብሪካው የዲሲፕሊን ኮሚቴ የስንብት ደብዳቤ አዘጋጀለት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

እኔ እዚያው የጥገና ቴክኒሻን ነኝ። መሐንዲሱ ለኮሚቴው ያቀረቡትን ስሌት ሳነብ ደሜ ፈላ። አንድ ኪሎ አየር ወደ ዘጠኝ ባር ግፊት ለመጭመቅ 215 ኪሎጁል ሥራ ይበቃል፣ ማሽኑ አልተጨናነቀም ይላል። ማባዛቱ ልክ ነው፤ መነሻው ግን ውሸት። አየሩ ሁለተኛው ሲሊንደር ሲደርስም ከውጭ እንደገባ ሃያ ሰባት ዲግሪ ነው ብለዋል። ያለ ውሃ መቶ አሥራ ሦስት ነው። ሥራው ወደ 246 ይወጣል፤ የሚወጣው አየር ደግሞ 225 ዲግሪ ይደርሳል። ያንን ዘይቱም ቫልቩም አይችሉትም።

አባቴ ተይው ልጄ፣ ለአንቺም ይተርፍሻል አለኝ። አልተውኩትም።

ቫልቩ ተቀይሮ ኮሚቴው ማሽን ክፍሉ ሲሰበሰብ፣ ውሃው እንደዚያን ቀን ወደ ሣሩ ዞሮ ማሽኑ ለአስር ደቂቃ ይሠራ ብዬ ጠየቅኩ። መሐንዲሱ ለውጥ የለውም ስላሉ እምቢ ማለት አልቻሉም። ሰዓቱ ሲሞላ ፊታቸው ቆምኩ።

«ስሌትዎ ይሄ ቧንቧ ሃያ ሰባት ዲግሪ ነው ይላል። እጅዎን ያሳርፉበት፤ እኔ እስከ አስር እቆጥራለሁ።»

ኮሚቴው ቧንቧውን ትቶ እጃቸውን ያይ ጀመር። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አባቴ አዝኖላቸው መሰለኝ፣ ያልቆሰለውን እጁን ዘረጋ። ክንዱን ያዝኩት።

«አባዬ፣ ያንተ በቃ። አሁን ተራው የእሳቸው ነው።»

መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ስል መሐንዲሱ ሄደው በገዛ እጃቸው ውሃውን ወደ ማሽኑ መለሱት። የኮሚቴው ሰብሳቢ የስንብቱን ደብዳቤ ለሁለት ቀደዱት። እኔ ግን አስር እስኪሞላ አላቆምኩም።